የቀረችው ቃል

የካቲት 16 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ ቀራንዮ

ሐኪም ቤት ስሠራ የበሽተኛውን ሁኔታ በየቀኑ ጽፌ ለሐኪሙ ማሳየት ልማዴ ነበር። ጣልያን ከመግባቱ በፊት ሐኪሙ ወደ አገሩ ስለ ሄደ አሁን የማሳየው ሰው የለም። በሽተኛ ግን አለኝ። ባለቤቴ አቶ ይገዙ እዚሁ እቤታችን ተኝተዋል። ስለዚህ እጽፋለሁ፤ እጄ ሥራ ከፈታ አእምሮዬም አብሮ የሚፈታ ይመስለኛል።

ዐርብ ለታ ለአንድ ባለጉዳይ ብለው ከተማ ወርደው ነበር። ቦምብ ተጣለ የሚል ወሬ ከሰዓት በኋላ መጣ። ከዚያ ወዲያ ጥቁር ሸሚዞቹ ያገኙትን ሰው ሁሉ በአካፋና በዶማ እጀታ ሲፈጁ፣ ቤት ሲያቃጥሉ ሰነበቱ። እኛ ከዚህ ሆነን ጭሱን እናይ ነበር። እሑድ ማታ እንጨት ሻጩ ጎረቤታችን ገሜዳ በአህያ ጭኖ አመጣልኝ፤ ከላያቸው ጭራሮ ደርቦባቸዋል። ወንዝ ዳር ከሬሳ መሀል ነው ያገኘኋቸው አለ። 

ቁስሉ በግራ በኩል ነው፤ ከዓይናቸው ጥግ ከፍ ብሎ፣ ከጆሯቸው ፊት ለፊት። አጥንቱ ገባ ብሏል። ቀኝ እጅ አይሠራም። ቀኝ እግር በትንሹ ይንቀሳቀሳል። አፋቸው ወደ ግራ ተጎትቷል። ያውቁኛል። እስካሁን ምንም አልተናገሩም።

የካቲት 19

ትኩሳቱ በረድ ብሏል። ቁስሉ መግል አልያዘም። ሐኪም ቤቱ ሲዘጋ ሐኪሙ የሰጠኝ የአዮዲን ጠርሙስ ገና አልተጋመሰም። ዝምታው እንዳለ ነው።

የባለቤቴ እናት እማማ ወለተጻድቅ ከራስጌያቸው አይነሱም። "ምላሱን ምን ነካብኝ?" ይሉኛል በየሰዓቱ። ምላሳቸው ደኅና ነው፣ የተመታው አንጎላቸው ነው እላቸዋለሁ። እማማ ራሳቸውን ይነቀንቁና ልጃቸው በችሎት ስንቱን ሰው ስላስማለ መሐላው ይዞት ነው ይላሉ። መሐላ ከግራ ጆሮ ፊት ያለውን አጥንት ለይቶ አይሰብርም። ይህን በአፌ አላልኩትም፤ እዚህ ግን ልበለው።

የካቲት 21

በሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ከጀሶ የተሠራ የሰው አንጎል ነበር፤ እያንዳንዱ ሰፈር በየቀለሙ የተቀባ። አቧራውን የምጠርገው እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ደስ ባለው ቀን "ጥሩብርሃን፣ ቀዩ ምንድን ነው?" እያለ ይፈትነኝ ነበር። ቀዩ ከግራ ግንባር ወደ ጎን ወረድ ብሎ ያለው ነው፤ ሰው ቃል አቀናብሮ የሚናገርበት። ሰማያዊው ከግራ ጆሮ በላይ ወደ ኋላ ነው፤ የሰሙትን የሚረዱበት። ቢጫው ከጆሮ እስከ ጆሮ በአናት ላይ ያልፋል፤ እጅና እግርን ያዛል፤ የግራው ቀኙን፣ የቀኙ ግራውን። ከማጅራት ከፍ ብሎ ያለው አረንጓዴ የማያ ነው። ዓይን ያስገባል እንጂ አያይም፣ የሚያየው ያ የኋላው ነው ይል ነበር።

ዛሬ ፈተንኳቸው። ግራ እጅዎን ያንሱ አልኳቸው፤ አነሱ። መስኮቱን ያሳዩኝ፤ አሳዩኝ። ከእማማና ከእኔ በዕድሜ ማን ይበልጣል? ወደ እናታቸው ጠቆሙና እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቃቸው ንቀት መሆኑን በሚገልጽ ዓይን አዩኝ። ስለዚህ ሰማያዊው ድኗል። ዱላው ያረፈው ቀዩ ላይ ነው፤ ቢጫውንም ነክቶታል። ሰውየው ሙሉ በሙሉ ውስጥ አለ፤ መውጫው ነው የተደረመሰው።

ደግሞ ማን ላይ! አቶ ይገዙ ነገረ ፈጅ ናቸው። ከኮልፌ እስከ አስኮ መሬት የተካሰሰ ሁሉ እሳቸውን ነበር የሚፈልገው። እቤትም ያው ናቸው። ወጡ ጨው በዝቶበታል ለማለት እንኳ ምስክር የሚቆጥሩ ይመስል ነበር። በትዳራችን አንድም ቀን ተከራክሬ ረትቻቸው አላውቅም። ኋላ ኋላ መከራከሩንም ትቼዋለሁ።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ትናንት ደኅና እንቅልፍ ተኛሁ። ይህን ለምን እንደ ጻፍኩት አላውቅም።

የካቲት 24

ተናገሩ።

ዶሮ ገብታ የእማማን የሽሮ ወንፊት ስትገለብጥ ባለቤቴ ከተኙበት ቀና ብለው "በጃንሆይ አምላክ!" አሉ። ጥርት ያለ ድምፅ ነው፤ የችሎት ድምፃቸው። እማማ መሬት ላይ ተደፍተው መሬቱን ሳሙ። የእኔንም ዓይን እንባ ሞላው።

ከዚያ ውሃ ይፈልጋሉ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። "በጃንሆይ አምላክ።" የት ላይ ያምዎታል? "በጃንሆይ አምላክ።" ሲመሽም፣ ሲነጋም ያችው ናት፤ አንዴ በልመና፣ አንዴ በቁጣ፣ አንዴ ደግሞ እንደ ደኅና አደርሽ። ሌላ ቃል ሊያወጡ ሲሞክሩ ከንፈራቸው ይጨነቃል፣ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ መጨረሻ ላይ ያችው ትወጣለች።

ይህን አውቀዋለሁ። ሐኪሙ እንዲህ ያለ ሰው አይቶ ነበር፤ ቋንቋው ሁሉ ጠፍቶ አንዲት ቃል ብቻ የቀረችው። ቃሏ ትርጉም የላትም ብሎኛል። አስቦ አይደለም የሚላት፣ እንደ ማስነጠስ ነው፣ ራሷ ትወጣለች።

ባለቤቴ የኖሩት ግን በዚች ቃል ነው። የሚሸሽ ባለዕዳ፣ ድንበር የገፋ፣ ሚስቱን የሚደበድብ፣ ማንም ይሁን በጃንሆይ አምላክ ከተባለ ባለበት መቆም አለበት። የማይቆም በንጉሥ ላይ እንዳመጸ ይቆጠራል። ልጅ ሆነን ስንራገጥ እንኳ ይህ ከተባለ እግራችን ይያዝ ነበር። ዛሬ ግን የንጉሡን ስም ያነሳ ሰው ምን እንደሚደረግ አገሩ ሁሉ ያውቃል። ከቀሩት ቃላት ሁሉ ይህችን መርጦ የተወላቸውን ዱላ እረግመዋለሁ።

የካቲት 29

ጾም ገባ። ከወሩ መጀመሪያ ወዲህ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ባለቤቴን ፀሐይ እንዲሞቁ ደጅ አውጥቻቸው ነበር። ከአጥሩ ማዶ ገሜዳና የዳገቱ ሰው ኃይለመስቀል በውሃ ቦይ ተጣሉ። ዱላ ተነሳ። ባለቤቴ ያችን ቃል ለቀቋት። ሁለቱም ዱላቸው አየር ላይ እንዳለ ድርቅ አሉ። የኃይለመስቀል ሚስት ቅል ይዛ ስትሮጥ ነበር፤ እሷም ቆመች። እኔ ራሴ ከምጣዱ ላይ ቆሎ እያማሰልኩ ነበር፤ ማማሰያው እጄ ላይ ቀርቶ ቆሎው አረረ። ኃይለመስቀል ቆይቶ ነው ንጉሥ አለመኖሩ ትዝ ያለው። ዱላውን ጣለና "አቶ ይገዙ ካሉስ" ብሎ ሄደ።

ስቄ ስጨርስ ፈራሁ። ያችን ቃል እነሱ ከሰሟት ሌላም ሰው ሰምቷታል ማለት ነው።

መጋቢት 2

እንዳልኩትም ሆነ። አቶ መሸሻ መጡ።

አቶ መሸሻ አሁን ጣልያን ለዚህ ሰፈር ያቆማቸው አስተርጓሚ ናቸው። ድሮ የአንዲት መበለት መሬት ሸጠው ሊሸሹ ሲሉ ባለቤቴ ገበያ መሀል በዚያችው ቃል አቁመው፣ ነጠላ ከነጠላ ቋጥረው ዳኛ ፊት አቅርበዋቸዋል። አቶ መሸሻ ተረቱ። ከዚያ ወዲህ እኛን ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ነበር። 

ባለቤቴን ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ባለቤቴም አዩአቸውና ያችኑ አሉ፤ በዝግታ፣ እንደ ሰላምታ። አቶ መሸሻ ፊታቸው ተለወጠ። "ይህ ነው የቀረው?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ስለ ጀሶው አንጎል፣ ስለ ቀዩ ቦታ ነገርኳቸው፤ ቃሏ ባዶ መሆኗንም።

"ባዶ መሆኗን እኔ አውቃለሁ እንበል። ጣልያኑ አያውቅም" አሉ። "አፍኚለት። እኔ የሰማሁትን አልሰማሁም።"

ስለምን እንደሚያዝኑልን አልገባኝም። የምተማመንባቸውም አይመስለኝም።

መጋቢት 5

በችኮላ። ገሜዳ ጥጃዬ ታሟል ብሎ ጠራኝ። ሄድኩ። ጥጃው ጢም አለው፣ ጭኑ ውስጥ ጥይት አለ፣ ከአስኮ በኩል ካለው ዱር ነው የመጣው። አጠብኩ፣ አዮዲን አደረግሁ። ነገም እሄዳለሁ። ስለ ጥጃው ከዚህ በላይ አልጽፍም።

መጋቢት 11

ዛሬ ሳጎርሰው "አንተ፣ አፍህን ክፈት" አልኩት። እማማ ቀና ብለው አዩኝ። እኔም ራሴን ሰማሁት። ከሠርጌ ቀን ጀምሮ እርስዎ እንጂ አንተ ብዬው አላውቅም። በሐኪም ቤት የሚታጠብና የሚጎርስ በሽተኛ ሁሉ አንተ ነው፣ ከዚያ የመጣ ልማድ ይሆናል። ነገ እመልሰዋለሁ።

መጋቢት 16

አልመለስኩትም።

ጎረቤቶች ማታ ማታ ቁስለኛ ያመጡልኝ ጀምረዋል። አልማዜ የምትባል ልጅ እግር አለች፤ በዚያ ሰሞን ከማጅራቷ ከፍ ብሎ ተመታች። ዓይኗ እንደ መስተዋት የጠራ ነው፣ ብርሃን ሳቀርብ ብሌኗ ይጠባል፤ ግን አታይም። እናቷ ዓይኗን እጠቢልኝ ብላ ለመነችኝ። አረንጓዴው ነው አልኩ በሆዴ። ለእናትየው ይቆያል እንጂ ይሻላታል አልኳት። እኔ የማውቀው የትኛው ሰፈር እንደ ተጎዳ መለየት ብቻ ነው። ማዳን አላውቅም። ሐኪሙም ከመለየት አልፎ ምን ሲያደርግ እንዳየሁ ዛሬ ቁጭ ብዬ አስታወስኩ፤ ብዙ የለም።

መጋቢት 27

መድኃኔ ዓለም። እማማ ጠበል ካላስነካሁት ብለው አሸነፉኝና ከገሜዳ ጋር ደግፈን ቤተ ክርስቲያን አደረስነው። እኔ መንገዱን ሁሉ እጄን አፉ አጠገብ አድርጌ ነው የሄድኩት።

ካህናቱ ማዜም ሲጀምሩ ይገዙ ከእኔ ትከሻ ላይ ራሱን አነሳና አብሯቸው አዜመ። ቃል በቃል። አንዲት አልሳተም። ልጅ ሳለ ድቁና ተምሮ ነበር። የረገፈ ነገር የለም፤ ግዕዙ፣ ዜማው፣ እረፍቱ ሳይቀር። ሰዉ ዞሮ ያየናል። እማማ ጠበሉ ፈታው ብለው አለቀሱ። ዜማው ሲያልቅ ግን ካህናቱ ስሙን ጠየቁት፤ ያችው ቃል ልትወጣ ስትል አፉን በነጠላዬ ያዝኩት። አፉን ታፍኖ እናቱን ሲያይ ያሳዝናል።

ማታ ነው የገባኝ። ሐኪሙ ዜማ ከንግግር ጋር አንድ ሰፈር አይኖርም ብሎኝ ነበር። መናገር ያቃተው ይዘፍናል፤ ዜማው በቀኝ በኩል ይሆናል ብሎ ገምቶልኝ ነበር። ቀኙን ማንም አልነካውም። እንግዲያስ ግንቡ ከፈረሰው በር አጠገብ ሌላ በር አለ። በዚያ በኩል ስሙን አወጣዋለሁ።

ሚያዝያ 3

ትምህርት ጀመርን። እሱ አልጋው ላይ፣ እኔ በርጩማ ላይ። "ስሜ ይገዙ" የምትለውን ካህናቱ በሚያውቋት ቀላል ዜማ ላይ ጫንኳት። እኔ አዜማለሁ፣ ግራ እጁን ይዤ እመታለታለሁ። እሱ ሁለተኛው ቃል ላይ ሲደርስ ያቺኛዋ ቃል ትቀድመዋለች። ደጋግመን። ማስተማሩ ደስ እንደሚለኝ አልክድም። ችሎት ላይ ሰው የሚያስጨንቅ የነበረ ሰው አሁን ከአፌ የሚወጣውን ይጠብቃል።

ሚያዝያ 9

አዋጅ ተነገረ። ከፋሲካ በኋላ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ሜዳ እየቀረበ ስሙን አስጽፎ ወረቀት ይወስዳል። ወረቀት የሌለው ሽፍታ ተብሎ ይወሰዳል። የታመመም በሸክም ይመጣል።

አቶ መሸሻ ዘንድ ሄድኩ። ከአህያ ወድቆ አፉ ተያዘ እላለሁ አሉኝ። አንቺ አጠገቡ ቁሚ፤ ዝም ካለ ያልፋል። ስሙን ካወጣማ የተሻለ ነው። "ያችን ቃል ካወጣ ግን እኔ የምችለው ነገር የለም፣ ልጆች አሉኝ" አሉ።

ሚያዝያ 14

ስሜ ይገዙ። አለው! በዜማ፣ ሳይሰበር፣ እኔ ጀምሬለት እሱ ጨረሰው። ሦስታችንም አለቀስን፤ እማማ፣ እኔ፣ እሱ። ከእንግዲህ ይድናል።

ሚያዝያ 22፣ ስቅለት

እኔ ካልጀመርኩለት አይልም። ሌላ ሰው ስምህ ማነው ካለው ያችው ናት። ገሜዳ ጠይቆት ሞከርን። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ዜማ የጀመሩለትን ተከትሎ ይወጣል እንጂ ለጥያቄ መልስ አይሆንም። ማወቄ ግን ምንም አልጠቀመኝም። ሕዝቡ ሲሰግድ ውሎ ሲገባ እኔ እቤት ሆኜ ስም ሳስጠና ዋልኩ።

ሚያዝያ 30

ደክሞኛል። ጥጃው ቁስሉ አመርቅዞ ሌሊቱን እዚያ ነበርኩ። ጠዋት ትምህርት ስንጀምር ያችን ቃል ብቻ ደጋገማት፤ እየጮኸ፣ ወደ በሩ እያመለከተ። ሰው በመንገድ ያልፍ ነበር። ዝም በል አልኩት። አላቆመም። መታሁት አይባልም። በጣቶቼ ከንፈሩን ነካሁት፤ ጠበቅ አድርጌ።

ዝም አለ። የሚያየኝ ዓይን ግን ሰማያዊው ደኅና መሆኑን ነገረኝ፤ ሁሉን ይረዳል። እማማ ከጓዳ ወጥተው ከንፈሩን በውሃ አበሱለት። እኔም ወደ በሩ ምን ሊያሳየኝ እንደ ነበር ኋላ አየሁ፤ ሌሊት ስመለስ ደም ያለበትን ጨርቅ ደጃፉ ላይ ጥዬው ነበር። አልፎ ሂያጅ ሁሉ ሲያየው ውሏል።

አስጠንቅቆኝ ነው? አይደለም። ቃሏ ትርጉም የላትም። ሐኪሙ አይሳሳትም።

ግንቦት 4

ነገ ነው። በዜማው ላይ ደኅና ነን። ጥጃው ዛሬ ጭኑን እንደገና ተከፈተ፤ አዮዲኑ ሲደፋብኝ ጣቶቼን በሙሉ ቡናማ አደረጋቸው። ይህን ያየ ጣልያን ቁስለኛ እንደማክም ያውቃል። በአመድ አሸሁት፣ በሎሚ አሸሁት፣ ቆዳዬ ተላጠ እንጂ አልለቀቀም። እማማ እንሶስላ ቀቡኝ፤ ሴት ናት ጣቷን አሳምራለች ይላሉ አሉኝ። ልጅ ሆኜ ለሠርጌ የቀቡኝም እሳቸው ነበሩ።

ግንቦት 5፣ ማታ

 በሆነው ቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ።

ሜዳው ላይ፣ ወደ ዱሩ በሚወርደው ቁልቁለት አፋፍ፣ ድንኳን ተተክሏል። ከፊቱ ጠረጴዛ፤ ጣልያኑ መኮንን ተቀምጧል፤ አቶ መሸሻ ከጎኑ ቆመው ያስተረጉማሉ። ዙሪያውን የኛው አገር ሰዎች፣ ባንዳዎቹ፣ ጠመንጃ ይዘው ቆመዋል። በስተኋላ ካሚዮን አለ። አቶ መሸሻ ቃላቸውን ጠብቀው ሁለታችንን አንድ ላይ አቀረቡን። መኮንኑ ስሙን ራሱ ይናገር አለ። እኔ በዝግታ ጀመርኩላቸው። ባለቤቴ ቀና ብለው "ስሜ ይገዙ" ብለው አዜሙ። ከኋላችን ያለው ሰልፍ ጸጥ አለ። መኮንኑ ሳቀ። ጻፈና ማኅተሙን መትቶ ወረቀቱን በግራ እጃቸው አስያዛቸው። አለቀ። ዳኑ። ያን ያህል ደስ ያለኝ ቀን የለም።

ከዚያ የእኔ ተራ ሆነ። ጣት አትሚ ተባልኩ። እኔ ደግሞ መጻፍ እችላለሁ ብዬ እጄን ወደ ብዕሩ ዘረጋሁ። ለምን? ዝም ብዬ አውራ ጣቴን ባትም ምን እሆን ነበር? ስማቸውን በዜማ ያወጣሁላቸው እኔ ነኝና አንድ ሰው እንዲያውቅልኝ ፈልጌ ይሆናል።

መኮንኑ የምትጽፍ ሴት በማየቱ ተገርሞ እጄን ያዘ። ጣቶቼን አየ። አቶ መሸሻ ፈጥነው እንሶስላ መሆኑን ነገሩት። መኮንኑ ጣቶቼን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። እንሶስላ እንደ አዮዲን አይሸትም። አንድ ቃል ተናገረ፤ አንድ ባንዳ ክንዴን ይዞ ወደ ካሚዮኑ ይጎትተኝ ጀመር።

"በጃንሆይ አምላክ!"

የድሮው ድምፃቸው ነው። ከሜዳው ጫፍ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር የተሰማ ይመስለኛል። ባለቤቴ ያለ ድጋፍ ቆመዋል፤ ግራ እጃቸውን ወደ ያዘኝ ሰው ዘርግተው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ።

ባንዳው ክንዴን ለቀቀና ቆመ። ሌሎቹም ቆሙ። አቶ መሸሻ ወረቀት እንደያዙ ቀሩ። ሰልፉ ቆመ፤ ልጇን ልታዝል ጎንበስ ያለች ሴት እንደ ጎነበሰች ቀረች። በዚያ ሜዳ ላይ የሚንቀሳቀሰው የመኮንኑና የባለቤቴ ዓይን ብቻ ነበር። መኮንኑ ባንዳዎቹን አንድ በአንድ አያቸው። ባለቤቴ ምን እንዳሉ አቶ መሸሻን ጠየቀ፤ አቶ መሸሻም ታሞ ነው፣ ይቃዣል ብለው ነገሩት መሰለኝ። መኮንኑ አልሰማቸውም። ቋንቋውን ባያውቅም ወታደሮቹ ለማን እንደ ታዘዙ አይቷል።

ባለቤቴን አንስተው ካሚዮኑ ላይ ጣሏቸው። ማኅተም ያለበት ወረቀታቸው እጃቸው ላይ እንዳለ ነው። እኔን ያስታወሰኝ ሰው አልነበረም። ጣቶቼንም።

ግንቦት 6

እማማ ምን ብሎ ነው የወሰዱት አሉኝ። ነገርኳቸው። ሲፈትሉ ነበር፤ እንዝርቱ እጃቸው ላይ ቆመ።

"እንግዲያስ ልጄ ተናግሯል" አሉ።

ማስነጠስ ነው ልላቸው አፌን ከፈትኩ። አልወጣልኝም። የሚያስነጥስ ሰው ማን ላይ እንደሚያስነጥስ አይመርጥም። በሩን እያመለከቱ ሲጮሁም፣ አቶ መሸሻን በዝግታ ሲቀበሉም፣ ከአጥሩ ማዶ ዱላ ሲነሳም ለማን እንደሚሉትና ለምን እንደሚሉት ያውቁ ነበር። የነበራቸው ቃል አንድ ብቻ ስለሆነ ሁሉን በእሷ አሉ። እኔ ደግሞ ከንፈራቸውን መታሁ። መታሁ ነው የሚባለው።

ግንቦት 18

አቶ መሸሻ ዛሬ ሲመሽ መጡ። ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። "አትጠብቂው" አሉኝ። በዚያው ሳምንት ነው አሉ፤ ቦታውን አልነገሩኝም። እማማ ከጓዳ ሆነው ሰምተዋል። ወንበር ሰጠኋቸው፤ ተቀመጡ። ሁለታችንም ባዶ አልጋውን አየን።

ሊሄዱ ሲነሱ በሩ ላይ ዞሩ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ጥሩብርሃን። ያን ጊዜ ሁላችንም ደርቀን ቀርተን ነበር። ክንድሽን የያዘ ሰው የለም። ከኋላሽ ቁልቁለቱ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዱሩ። ይገዙ ያን ያለው አንቺ እንድትሮጪ ብሎ ነው፤ በዓይኑ ወደዚያ ሲጠቁምሽ አይቼዋለሁ። አንቺ ከአጠገቡ ብትጠፊ ሁላችንም አንቺን ስናሳድድ እሱን እዚያው በተውነው ነበር። ለምን አልሮጥሽም?"

 ትንሽ ጠብቀው ደኅና እደሪ ብለው ሄዱ።

እዚህ ልመልስላቸው። ቁልቁለቱን አይቼው ነበር። እግሬም ደኅና ነበር፤ ቢጫውን የነካብኝ የለም። አቶ ይገዙ ሰው ሲያስቆሙ በኖሩባት ቃል እኔን ሊያስመልጡኝ ተናገሩ። እኔም ሰማኋቸውና እንደ ሰዉ ሁሉ ቆምኩ።